ሁሉም ሻምፓኝ አይደለም፦ የአራት አገር ስፓርክሊንግ ወይን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመስ

እኛ ጋ ቡሹ ጧ ብሎ የሚከፈት ወይን ሁሉ ስሙ ሻምፓኝ ነው፣ ልደትና ምርቃት ላይ ይከፈታል ግማሹ ይረጫል በቃ። እኔ ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል፣ ውስጡ ያለውን ማንም በደንብ ሳይቀምሰው ነው የሚያልቀው። እኛ ለገጣፎ ሰፈር ውስጥ ስምንት ሆነን ብር አዋጥተን ከአራት አገር አንድ አንድ ጠርሙስ ገዝተን ጎን ለጎን ስንቀምስ ነው ልዩነቱ የገባን፣ እናንተም እንደዛ አድርጉት።

መጀመሪያ ግዢው። ሻምፓኝ መባል ያለበት ፈረንሳይ ውስጥ ሻምፓኝ በሚባለው አካባቢ የተሰራው ብቻ ነው። ጠጅ የጣለ ሰው ሲፈላ ጋዝ እንደሚወጣው ያውቃል፣ እዛ ግን ወይኑ ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ስለሆነ ጋዙ መሄጃ አጥቶ እዛው ይቀራል፣ ከዛ ቢያንስ 15 ወር ይቆያል አብዛኛውን ጊዜም ከእርሾው ጋር ነው፣ የዳቦ ዳቦ ሽታው የሚመጣውም ከዚ ነው። የስፔኑ ካቫና የደቡብ አፍሪካው ካፕ ክላሲክም የሚሰሩት በዚሁ መንገድ ነው፣ ስለዚ ሻምፓኙ ከተወደደባችሁ እሱን ተዉትና ካፕ ክላሲክ ውሰዱ፣ አትቆጩም። የጣሊያኑ ፕሮሴኮ ደሞ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ጋን ውስጥ ነው የሚፈላው፣ እርሾ እርሾ አይልም፣ ፖም ፖም ነው የሚሸተው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ብሩት ካለ ብዙም አይጣፍጥም፣ ስኳሩ በሊትር ከ12 ግራም አይበልጥም። ኤክስትራ ድራይ የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ስሙ በጣም ደረቅ (የማይጣፍጥ) ማለት ይመስላል ግን ከብሩት ይልቅ ይጣፍጣል። ደሚ ሴክ ጣፋጭ ነው።

አሁን ዋናው ማቀዝቀዝ ነው። የእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ ፀሃይ ላይ ከቆመ መኪና አውጥተን ወዲያው የከፈትነው ጠርሙስ ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግፊት የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ሁለት ሶስት እጥፍ ነው፣ እኛ ደሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነን፣ የውጪው አየር ስስ ስለሆነ አረፋው ቶሎ ነው የሚገነፍለው፣ ስለዚ እዚ ማቀዝቀዝ ከሌላው ቦታ የበለጠ ያስፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ ሶስት አራት ሰአት፣ መብራት ከሄደ ደሞ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰአት (በረዶ ብቻውን ቀስ ነው የሚለው፣ ውሃው ነው ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚይዘው)።

ስትከፍቱ አትነቅንቁት፣ ወረቀቱን ላጡ፣ አውራ ጣታችሁን ቡሹ ላይ አድርጋችሁ ሽቦውን አላሉት፣ ከዛ በኋላ ጣታችሁ ከቡሹ አይነሳ ምክንያቱም ተፈናጥሮ አይን ሊያጠፋ ይችላል። በፎጣ ይዛችሁ ጠርሙሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጉ፣ ወደ ሰው አይዙር፣ ቡሹን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ነው ማዞር። ፍስስ ብሎ ብቻ ከተከፈተ በትክክል ከፍታችኋል።

ብርጭቆው ላይ የሳሙና ትራፊ ካለ አረፋው ይሞታል፣ በደንብ አለቅልቁ። ቀጭኑ ረጅሙ የሻምፓኝ ብርጭቆ ያምራል ግን ሽታውን ያፍነዋል፣ እኔ ተራ የወይን ብርጭቆ ይሻለኛል። ጥቂት ቅዱ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠብቁ፣ ድገሙ። ለቅምሻ ከሆነ አንዱ ጠርሙስ ለአስር ሰው ይበቃል። ከፕሮሴኮ ጀምሩ፣ ካቫ፣ ካፕ ክላሲክ፣ መጨረሻ ሻምፓኝ።

ከሱ ጋር ፈንዲሻ ጨው ነስንሳችሁ፣ ቆሎ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ጨውና ዘይት ያለው ነገር ከብሩት ጋር በጣም ይሄዳል። ዶሮ ወጥ ወይ ሚጥሚጣ የበዛበት ከሆነ ግን ደረቁ ወይን ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ እዛ ላይ ደሚ ሴክ ወይ ጣፋጩን የጣሊያን አስቲ አምጡ፣ አስቲ አልኮሉም 7 ፐርሰንት አካባቢ ስለሆነ ቀለል ይላል።

የተረፈ ካለ አፉን በደንብ የሚይዝ ክዳን አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙትና በነጋታው ከምሳ ጋር ጨርሱት።