ጅሬን በባጃጅ ውጡ፣ በእግር ውረዱ

ጅማን ሁለት ሆናችሁ በእግር ልትጎበኙ ካሰባችሁ፣ ጅሬን ወዳለው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሃል በእግር አትነሱ። መንገዱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ዳገት። አንዱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሌላው አኩርፎ ነው የሚደረሰው።

ጠዋት ባጃጅ ኮንትራት ያዙና የመሄጃውን ብቻ ተስማሙ። «ቁሜ ልጠብቃችሁ» ቢላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። ያለበለዚያ ሰዓቱን እያያችሁ ነው የምትጎበኙት፣ ሂሳቡም ይጨምራል። ስትመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ ወሬያችሁ አይቋረጥም፣ ከተማውም ከፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል።

ሌላው ጥቅም ቅደም ተከተሉ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የምታዩት በዋናነት ሕንፃውን ነው፤ የእንጨት ሥራው ብቻውን የመውጣቱን ድካም ይክሳል። እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ጅማን የገዙት የንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያ ዕቃዎች ግን ታች ከተማ፣ ጅማ ሙዚየም ናቸው። ቤቱን አይታችሁ ወደ ዕቃው ስትመጡ የትኛው የት ይቀመጥ እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። ሙዚየሙ ለምሳ እንዳይዘጋባችሁ ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን የጅማ በርጩማ መግዛት ካማራችሁ ለመጨረሻ አቆዩት፤ ተሸክሞ መዞር አይሞከርም።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ይህን ተዉት፣ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። በክረምትም መንገዱ ያንሸራትታል፤ ያኔ ደርሶ መልስ በባጃጅ ነው።