የሠርግ ዲስክን በላፕቶፕ አንብቦ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ቤቶች የሠርግ ቪዲዮ በዲቪዲ ያስረክቡ በነበረበት ጊዜ የተቀረጹ ዲስኮች በብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ዛሬም ይገኛሉ፤ የሚያነባቸው ላፕቶፕ ግን እያነሰ መጥቷል። እንዲህ ያለው ዲስክ ምስሉን የሚይዘው ሙቀትና ፀሐይ በሚያደበዝዙት ስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ እንደ ድሬ ባለ ሞቃት ከተማ ደጋግሞ ከማጫወት ይልቅ አንድ ጊዜ አንብቦ መገልበጡ ይመረጣል።

ላፕቶፑ የራሱ ድራይቭ (ዲስክ ማንበቢያ) ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ይበቃል። ገመዱን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ 500፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር የሚሰጥ በመሆኑ፣ ድራይቩ ዲስኩን ማሽከርከር እየጀመረ የሚያቆም ከሆነ ተበላሽቷል ከማለትዎ በፊት የኃይል ማነስን ይጠርጥሩ።

አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከአቧራ ነው። ነፋስ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚያነሳው ደቃቅ አቧራ ዲስኩ ላይ እያለ በጨርቅ መፈግፈግ ጭረት ማብዛት ነውና፣ መጀመሪያ ያራግፉት፤ ከዚያም በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉ። እያዞሩ መጥረግ አይገባም፤ መረጃው የተጻፈው ዙሪያውን በመሆኑ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ መረጃ ያጠፋል፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄደውን ግን ድራይቩ በስሕተት ማረሚያው ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

የላፕቶፕ ድራይቭ መሳቢያ ስስ ነው። በአንድ እጅ ከሥር ደግፈው፣ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርገው፣ ዲስኩን በእምብርቱ ዙሪያ በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ጠቅ ብሎ መግባት አለበት። የእኅቴ የሠርግ ዲስክ ላይ ፎቶ ቤቱ የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት ለጥፎበት ስለነበር፣ በሙቀት የተነሳው ጠርዝ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ከመክፈቻው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ ቀጥ አድርጌ ስገፋ መሳቢያው ወጣ። ወረቀቱን መላጥ ዲስኩን ሊያጎብጠው ስለሚችል የተነሳውን ጠርዝ ብቻ በመቀስ ቆረጥሁት።

ዊንዶውስ 10 እና 11 የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ይዘው ስለማይመጡ ቪኤልሲ (VLC) የተባለውን ማጫወቻ በነፃ ይጫኑ። ለመገልበጥ ግን ማጫወት አያስፈልግም፤ ዲስኩን ከፍተው «ቪዲዮ ቲኤስ» (VIDEO_TS) የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስኩ ኮፒ ያድርጉ፤ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ ከ4.7 ጊጋባይት አይበልጥም። ቪዲዮው እያንዳንዳቸው እስከ 1 ጊጋባይት በሚደርሱ ፋይሎች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ኮፒው መሃል ላይ ከቆመ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይገልብጡ። እምቢ ያለውንም በሌላ ድራይቭ ይሞክሩት፤ የእኅቴ ሦስተኛ ፋይል በእኔ ላፕቶፕ ሁለት ጊዜ ከቆመ በኋላ በጎረቤታችን አሮጌ ላፕቶፕ እስከ መጨረሻው ተነብቧል።