እማዬ «ደህና ነኝ» ስትል

እናቶቻችን ስልክ ላይ ታመው አያውቁም። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ? በላሽ?» ነው መልሳቸው። እኔ ውጭ አገር ሆኜ ለዓመታት ይህንን አምኜ፣ ብሩን ልኬ እተኛ ነበር።

አንድ እሁድ በቪዲዮ ሳወራት እማዬ ነጠላ ጫማዋ አልገባ ብሏታል። እግሯ አብጧል። «እርጅና ነዋ!» አለች። መድኃኒትሽን አምጪና አሳዪኝ አልኳት። የብስኩት ቆርቆሮዋን ይዛ መጣች። ፓኮዎቹን አንድ በአንድ ካሜራው ላይ አስጠጋቻቸው። ሁለቱ ስማቸው ለየቅል ነው፤ ከሥር በትንሹ የተጻፈው ግን አንድ ነው፦ አምሎዲፒን። ፋርማሲው የለመደችውን ሲያጣ በሌላ ስም የሚሸጠውን ሰጥቷታል። የድሮው ገና አላለቀም። እሷ ሁለቱንም ትውጣለች። ይህ የግፊት መድኃኒት ለብቻውም እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ እጥፍ ሲሆን ይብሳል። ሐኪሟ አንዱን አስቆማት፣ እብጠቱም ወረደ።

ስለዚህ በወር አንዴ መድኃኒት ቁጠሩ። ፓኮው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን ከሥር ያለውን የመድኃኒቱን ስም መዝግቡ። ስንት ፍሬ እንደቀረም ጠይቁ፤ እንዳያልቅባቸው ብለው ግማሽ ግማሽ የሚውጡ አሉ። የጉልበት ማስታገሻም እንዳትረሱ። ለምሳሌ ዳይክሎፌናክ ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ሰው ነው። ብር የምንልክ አምስት ልጆች ኖረን ሐኪም ቤት የሚወስዳት አንድ ላይኖር ይችላል። አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የታመነ ጎረቤትም ይሁን። በእጁ የድንገተኛ ብር ይኑር። የግል ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ማስያዣ ይጠይቃል፤ ዋሽንግተን ላለ ሰው ደግሞ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። እናንተ ከእንቅልፍ ነቅታችሁ ስልካችሁን እስክታዩ እዚያ ቀኑ ይጋመሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑንም ቤት ያለ ሁሉ ይወቅ።

ሠራተኛዋን አክብሯት። ደመወዟ ቀኑ ሳያልፍ በቴሌብር በቀጥታ ይግባላት። ለብቻዋም ደውሉላት። «እማማ ማታ ምን በሉ? ሌሊት ስንቴ ተነሱ?» በሏት። እናታችሁ የማትነግራችሁን ከእሷ ትሰማላችሁ።

ቤት ወይም ኪራይ ካለ ውክልና ያስፈልጋል። እናንተ ባላችሁበት አገር ያለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። የምትሰጡትን ሥልጣን ለይታችሁ ጻፉ። ኪራይ እንዲሰበስብ የፈለጋችሁት ሰው ላይ መሸጥና መለወጥ የሚል ቃል አትጨምሩ።

የዕድር መዋጮዋም እንዳይቋረጥ። ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለም። እማዬ ቅዳሜ ስብሰባ ስትቀር በሯን መጥተው የሚያንኳኩት የዕድሯ ሰዎች ናቸው።