ሳይለኩ መቀየርና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስና የቴሌኮም ሰልጣኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ማስተማር የመጣሁት ታወር ላይ ስወጣ ስወርድ ከርሜ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስና ገመድ አልባ ቴሌኮም አሰለጥናለሁ። በየዓመቱ አዲስ ልጆች ይመጣሉ፤ ስህተቶቹ ግን ያው የአምናዎቹ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱን በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አየሁትና ትዕግሥቴ አለቀ።

ሳይለኩ መቀየር

ያ ስህተት ይሄ ነው። አንድ ሰልጣኝ የማይነሳ አምፕሊፋየር ተሰጠው። ክዳኑን ከፈተ፣ ትንሽ አየት አየት አደረገና "ቲቸር፣ ትራንዚስተሩ ሄዷል" አለኝ። በምን አወቅክ? "ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚሄደው።" መልቲሜትሩ አጠገቡ ተኝቷል። ገመዱ እንኳ አልተፈታም።

እስቲ ይሞክረው ብዬ ተውኩት። ትራንዚስተሩን ነቅሎ አዲስ ተከለ፤ አልነሳም። ሁለተኛውን ነቀለ፤ አልነሳም። ቀጥሎ ወደ ካፓሲተሮቹ ዞረ። ከምሳ ስመለስ የቦርዱ የመዳብ መስመሮች በሙቀት ብዛት ተልጠው ተነስተዋል። አብረን ቁጭ አልንና ከገመዱ ጀምረን ለካን። ከማብሪያ ማጥፊያው በፊት 220 ቮልት አለ። ከማብሪያ ማጥፊያው በኋላ ምንም የለም። በቃ፣ ብልሽቱ ይኸው ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። ማብሪያ ማጥፊያውን ስንቀይር ግን አምፕሊፋየሩ አሁንም አልነሳም፤ ምክንያቱም አሁን ልጁ ራሱ የሠራቸው ብልሽቶች አሉበት።

ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁሉም ሞባይል ጥገና ቤት የሚሠራ ወንድም ወይም ጓደኛ አለው። ያ ሰው አይለካም፣ ዝም ብሎ ይቀይራል፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ግን ያንኑ ሞዴል ስንት መቶ ጊዜ ከፍቶታል። እናንተ ገና የመጀመሪያችሁ ነው። ደግሞ እዚህ የምታበላሹት ከምን አለሽ ተራ የተለቀመ ቦርድ ስለሆነ አይቆጫችሁም። ሳይት (ታወሩ የተተከለበት ቦታ) ላይ "ሬዲዮው ሳይሆን አይቀርም" ብላችሁ ሲግናል የሚልከውን መሣሪያ ብታስቀይሩ ዕቃው ከመጋዘን ይወጣል፣ በመኪና ይጫናል፣ ታወር ላይ በገመድ ይሳባል። ያ ሁሉ ተለፍቶ ችግሩ የአንድ ጃምፐር ገመድ ሆኖ ሲገኝ ቀጥሎ የሚደወለው ለእናንተ አይደለም።

መንገዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ እዩ፣ አሽትቱ፤ ያበጠ ካፓሲተርና የተቃጠለ ሬዚስተር ራሱን ያሳያል። ከዚያ ፓወር መድረሱን ለኩ። ከዚያ የሰርኪዩቱን መሐል ለኩ። ሲግናሉ እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከሌለ ከዚያ ወዲህ ነው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። ስምንት ደረጃ ያለው ሰርኪዩት በሦስት ልኬት ያልቃል። ሦስት! ልጁ ግን እስከ ምሳ ስንት ዕቃ እንደነቀለ እሱም አልቆጠረውም።

ካፓሲተርን ማመን

የፓወር ሰፕላይ ትልቁ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለኩ፣ በሬዚስተር አስለቅቁት፣ እንደገና ለኩ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ "ጧ" ማሰኘት ጀግንነት አይደለም።

ሊዱን እንደ ማስቲካ መለጠፍ

ጀማሪ ሁሉ ሊዱን (መበየጃውን ሽቦ) መጀመሪያ የማሞቂያው ጫፍ ላይ ያቀልጥና ወስዶ ቦርዱ ላይ ይለጥፈዋል። ድብልብል ብሎ፣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ያቆማል።

መሞቅ ያለበት የሚበየደው ዕቃ ነው። ጫፉን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ጠረግ አድርጉ። የዕቃውን እግርና ፓዱን (እግሩ የሚያርፍበትን የቦርዱን መዳብ) አንድ ላይ ንኩ። አንድ፣ ሁለት በሉ። ከዚያ ሊዱን ከማዶ በኩል አስጠጉት። ሙቀቱ ከደረሰ ራሱ ይሮጣል፤ እግሩን ዙሪያውን እንደ ትንሽ ድንኳን ይዞ ያርፋል። እኛ የምንጠቀምበት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ደህና ሲያርፍ ያብለጨልጫል። እፍ አትበሉበት። እስኪረጋም አታነቃንቁት።

የማይነስ ነገር

"ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይሻላል፤ 110 አለው። እዚያ 70 ብቻ ነው።" የሲግናል ጉልበት ስናስለካ ይህን በየዓመቱ እሰማለሁ። ማይነሷን ዘለሏታ! ማይነስ 70 ዲቢኤም ከማይነስ 110 ዲቢኤም እጅግ ይበረታል። ዜሮ ዲቢኤም ማለት አንድ ሚሊዋት ነው። በየ10 ዲቢ በወረዳችሁ ቁጥር ጉልበቱ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። ከማይነስ 70 እስከ ማይነስ 110 ድረስ 40 ዲቢ ነው፤ የአሥር ሺህ እጥፍ ልዩነት።

ሌላኛው ደግሞ "ከ43 ወደ 40 ነው የወረደው፣ ምንም አይልም" ይላል። 43 ዲቢኤም 20 ዋት ነው። 40 ዲቢኤም 10 ዋት። ግማሹ ሄዷል እኮ! 3 ሲቀነስ ግማሽ፣ 10 ሲቀነስ አንድ አስረኛ። ሌላውን ብትረሱ እነዚህን ሁለቱን አትርሱ።

ቴፑን ከላይ ወደ ታች መጠቅለል

ይሄኛው የራሴ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ሳይት ክረምት ላይ አላርም ያመጣ ጀመር። አላርሙ የቪኤስደብልዩአር ነው፤ ወደ አንቴናው ከተላከው ጉልበት ተንጸባርቆ የሚመለሰው በዛ ማለት ነው። 1.5 ሲሆን 4 በመቶው ይመለሳል፤ ከዚያ ሲያልፍ መጨነቅ ነው። ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ስንደርስ ፀሐይ ነው፤ ብንለካ ሁሉም ደህና ነው። አዲስ አበባ ስንገባ አላርሙ ይመለሳል።

በሦስተኛው ጊዜ የሳይቱ ዘበኛ ሻይ ሰጡንና "ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ዝናብ ሲመታው ነው የሚያመው፤ ስልኬም ያኔ ነው ኔትወርክ የሚያጣው" አሉኝ። ሁለት ጊዜ ስንመጣ አንዳችንም አልጠየቅናቸውም ነበር። ታወሩ ላይ ወጣሁ። የአንቴናውን ኮኔክተር ስፈታው ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። የውስጡ መዳብ አረንጓዴ ለብሷል። ቴፑን ግንቦት ላይ የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች።

ጣሪያ የሚመታ ሰው ይህን አይስትም። የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛው ላይ ይደረባል እንጂ ከሥሩ አይገባም። ቴፑም እንደዚያው ነው። ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ሲጠቀለል የላይኛው ዙር የታችኛውን ይሸፍናል፤ ውሃው ላዩ ላይ ይወርዳል። እኔ ገልብጬ ውሃ የሚገባበት ኪስ በኪስ አድርጌው ነበር። ከጎማው ቴፕ ላይ ተራውን ቴፕ ደርቡ፤ ሁለቱም ከታች ወደ ላይ ይጨረሱ። ገመዱም መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ዘበኛውንም ጠይቁ። "አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?" ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

ጥቁር ሁሉ ኔጌቲቭ ነው ማለት

ወርክሾፕ ውስጥ ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ ነው። የቴሌኮም ሳይት ፓወር ግን ማይነስ 48 ቮልት ነው፤ መሬት ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ሰማያዊው ገመድ ማይነስ 48፣ ጥቁሩ መመለሻው ነው። በቀለም የሚገምት ልጅ ገልብጦ ያስራል። ለክታችሁ እሰሩ። ባትሪ ጋ ስትጠጉ ደግሞ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። 48 ቮልት ባይጨብጣችሁም ባትሪው ሾርት ሲሆን የሚለቀው አምፔር መፍቻ ያቀላል፤ ጣት ላይ ያለ ቀለበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ባጭሩ የማልፋቸው

የአንቴና አቅጣጫ በኮምፓስ ስትለኩ ታወሩ ሥር አትቁሙ፤ ብረቱ መርፌዋን ይስባታል። ራቅ ብላችሁ ቁሙና አንቴናውን አነጣጥሩ።

የፋይበር ጫፍ ውስጥ በዓይናችሁ አትመልከቱ። ብርሃኑ አይታያችሁም፤ ዓይናችሁን ግን ይጎዳል። አረንጓዴ ኮኔክተር ከሰማያዊ ጋር አይጋጠምም፤ የአረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ሰያፍ የተቆረጠ ነው። "ገባ እኮ፣ ቲቸር!" አዎ ይገባል። ብርሃኑ ነው በደንብ የማያልፈው።

ታወር ላይ ሁለት መንጠቆ አለ፤ አንዱ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም። ብቻችሁን አትውጡ፣ ደመና ሲያጉረመርም አትውጡ። በዚህ ላይ ቀልድም ታሪክም የለኝም።

ፕሮጀክት ማስገዛት

የሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ጥያቄ በፎቶኮፒ መሸምደድና የመጨረሻ ፕሮጀክት ከሱቅ አሠርቶ መምጣት አንድ ዓይነት በሽታ ነው። አምና አንድ ልጅ የሚያምር ነገር ይዞ መጣ። "ይህን ሬዚስተር ብነቅለው ምን ይሆናል?" አልኩት። ሬዚስተሩን አየው፤ እኔን አየኝ። ከሱቁ የተለጠፈው ዋጋ ከሥሩ አለ።

ሁሉም ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ሳፋሪኮም ገብቶ ቢሮ ሊቀመጥ ያስባል። ሳይቱን የሚተክለውና የሚጠግነው ግን ብዙ ጊዜ ኮንትራክተሩ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሰብኮንትራክተሩ። እሱ ጋ የሥራ ፈተና ስትሄዱ ወረቀታችሁን ገለጥ አድርጎ ኮኔክተርና ገመድ ይሰጣችኋል። "እስቲ ግጠም" ነው የሚለው።

ዘንድሮ አንዲት ሰልጣኝ አለችኝ። ደብተሯን በሁለት ዓምድ ከፍላዋለች። በአንዱ ከመለካቷ በፊት "ይህን አገኛለሁ" ያለችውን ትጽፋለች፤ በሌላው ያገኘችውን። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ በቀይ ታከብበዋለች። ትብብር ስልጠና ስትሄድ የተቀበሏት ሰዎች ከወር በኋላ ደውለው "ይችን ልጅ አትውሰዱብን" አሉኝ።

እኔ እንደሷ አልነበርኩም። ተማሪ ሳለሁ የሶኬት ቮልት ልለካ ብዬ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ እንደሰካሁ ረሳሁት። ሁለቱን ጫፎች ሶኬቱ ውስጥ ስከት ሰማያዊ እሳት፣ ጩኸት፣ የሕንፃው መብራት ጠፋ። ርካሽ መልቲሜትር ነበር፤ ያ ቀዳዳ ፊውዝ እንኳ የለውም። ጫፉ እንደ ሰም የቀለጠው ገመድ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን አወጣዋለሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሁሉም ይስቃል። ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አገላብጦ አየውና "ቲቸር፣ ጫፉን ብንቀይረው ይሠራል እኮ" አለኝ። ለክተኸዋል ወይ አልኩት።