የሂንዱ መነኩሴን የምንኩስና ሐረግ ከስሙ መጨረሻ እወቁ

በሰሜን ሕንድ ባለችው ሪሺኬሽ ከተማ ውስጥ ከአንዱ አሽራም (የመነኮሳት መኖሪያ) ወደ ሌላው ስትሄዱ አብዛኞቹ መነኮሳት ብርቱካናማ ለብሰው፣ ሁሉም «ስዋሚ» በሚለው የመነኩሴ ማዕረግ እየተጠሩ፣ ማን ከየትኛው ሐረግ እንደሆነ ግራ ይገባችኋል። የስሙን የመጨረሻ ቃል ተመልከቱ። በጥንቱ የሂንዱ መምህር በሻንካራ ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ከአሥር ስሞች አንዱን ይወስዳል፤ ስሞቹም ለአራት ታላላቅ ገዳማት የተደለደሉ ናቸው። ሳራስዋቲ፣ ብሃራቲና ፑሪ የደቡቡ የሽሪንጌሪ ናቸው፤ ጊሪ፣ ፓርቫታና ሳጋራ በሂማላያ ያለው የጆቲርማት፤ ቲርታና አሽራማ የድዋርካ፤ ቫናና አራንያ ደግሞ በምሥራቅ ያለችው የፑሪ ከተማ። ፑሪ የሚለው ስም የፑሪ ከተማው ገዳም አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ለመሳሳት በጣም የሚቀለው እዚህ ላይ ነው። እናም በር ላይ «ስዋሚ ሺቫናንዳ ሳራስዋቲ» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ሐረጉ ወዲያው ይገባችኋል።

ግንባሩ ላይ ሦስት አግድም የአመድ መስመሮች ሳይሆን ወደ ላይ የቆመ ምልክት ያለበት መነኩሴ ግን ቫይሽናቫ (የቪሽኑ አምላክ ተከታይ) ነውና ዘዴውን ተዉት፤ ከእነርሱም መካከል ቲርታ የሚባሉ አሉ። በሂንዱው መምህር በራማክሪሽና ስም የሚጠራው ማኅበር መነኮሳትም ሐረጋቸው ፑሪ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አይጠሩበትም። ከተጠራጠራችሁ «ጉሩዎ ማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ የቀድሞ ቤተሰባቸውን አታንሱ፤ ሲመነኩሱ የራሳቸውን የቀብር ሥርዓት ፈጽመው ነው ከዚያ ሕይወት የወጡት።