ባዶ ሆድ ማለት ከቡናም በፊት ነው፦ ካረጡ በኋላ ታይሮይድ ያነሰባቸው እናቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ቆሜ መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ሆርሞን የምታመነጭ እጢ ናት፤ ሆርሞኗ ሲያንስ በክኒን (ሌቮታይሮክሲን) ይተካል። ይህን የታይሮይድ ክኒን ሊገዙ የሚመጡት አብዛኞቹ ሃምሳን ያለፉ እናቶች ናቸው። ክኒኗ ከምስር ብዙም አትበልጥም። «ይቺ ናት እኔን የምታቆመኝ?» ይሉኛል መዳፋቸው ላይ አድርገው። አዎ፣ ይቺው ናት። ግን ኩሩ ናት፤ ሆድ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር መጋፋት አትወድም።

ቡናው

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት ይህን አንብቡ።

ከሐይቅ የሚመጡ አንድ እናት ነበሩ። በ50 ማይክሮግራም ጀመሩ። ከሁለት ወር በኋላ ሲመረመሩ ቲኤስኤች አልወረደም። ቲኤስኤች ማለት ከአንጎል ሥር ያለች እጢ ታይሮይድን «ኧረ ሥሪ!» ብላ የምትጮህበት ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ስትሰንፍ ጩኸቱ ይጨምራል። ሐኪሙ 75 አደረገላቸው። ከዚያ 100። ከዚያ 125። ቁጥሩ ወይ ፍንክች!

በመጡ ቁጥር እጠይቃለሁ። «በባዶ ሆድ ነው የሚወስዱት?»

«ወላሂ ልጄ፣ እህል ሳልቀምስ ነው የምውጠው።»

አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሐይቅ ሄጄ እሳቸው ቤት አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ጀበናው ተጥዷል። አቦሉ ተቀዳ። እማማ የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ፣ ከቋጠሮው ክኒኗን አወጡ፣ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው በቡናው አወራረዷት። ዓይኔ እያየ!

«እማማ፣ ምነው በቡና?»

«ቡና ምግብ ነው እንዴ?» አሉኝ፣ እኔን እንደ ሞኝ እያዩ።

ምን ብዬ ልመልስ? እሳቸው አልዋሹም። እኛ አገር ቡና ምግብ አይደለም። ቡና ጠጥቶ «ገና ምንም አልቀመስኩም» የሚል ሰው ሞልቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ለዓመታት «በባዶ ሆድ» እያልኩ ካርቶን ላይ ስጽፍ «ከቡና በፊት» ብዬ አንድ ቀን አልጻፍኩም። ስንቱ መጠኑ እየተጨመረለት፣ ስንቱ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» እያለ እንደቀረ ሳስበው ያናድደኛል። ራሴን ነው የምለው።

ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋል። ወተቱም፣ ቁርሱም እንደዚያው። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጣል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቡናው ከዚያ በኋላ እስከ በረካ ድረስ ይጠጣ፣ ማንም አይከለክልም።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። እማማ ምክሬን ሰምተው በውሃ መዋጥ ጀመሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ልባቸው እየደለቀ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ አጥተው መጡ። ለካ ያ ሁሉ መጠን የተጨመረው ለቡናው ነበር! ቡናው ሲነሳ 125 በዛ። ካረጡ በኋላ ደግሞ የበዛ መጠን ቀልድ አይደለም። የወር አበባ ሲቆም አጥንት በራሱ ጊዜ መሳሳት ይጀምራል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ያንኑ ያፋጥነዋል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። እኔ ሰዓቱን ሳስተካክል ለሐኪማቸው ማሳወቅ ነበረብኝ። አላሳወቅሁም። አወሳሰዱን የቀየራችሁ ሁሉ ለሐኪም ንገሩ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ደም ስጡ።

ጠዋት ከጀበና መለየት ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ማታ፣ ከራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ መዋጥ ይቻላል። ረመዳንም ሲገባ ለብዙዎቹ የሚቀናው ይኸው ነው፤ ካፈጠሩ ከ3 ሰዓት በኋላ ወይም ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። በሁዳዴም ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ እናቶች አሉ፤ ለእነሱም ማታው ይሻላል። ጾም መጣ ብሎ ክኒኑን ጭራሽ መተው ግን የለም።

«ማረጥ ነው፣ ያልፋል»

ድካም፣ ውፍረት፣ የፀጉር መሳሳት፣ መርሳት፣ ሆድ መባባት። ይህን ሁሉ ማረጥም ያመጣዋል፣ የታይሮይድ ማነስም ያመጣዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ቶሎ የምጠይቀው ስለ ብርድ ነው። ማረጥ ነጠላ ያስጥላል፤ የታይሮይድ ማነስ ጋቢ ያስደርባል።

ኮምቦልቻ ስሠራ በግንቦት ሐሩር ጋቢ ደርባ የመጣችውን የ54 ዓመት ሴት አልረሳትም። ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ፊቷ አብጧል፣ የሆድ ማለስለሻ ነበር የጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዕድሜ ነው» ሲሏት ኖራለች። አንድ የደም ምርመራ በቂ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ክኒኑን ጀምራ ወበቁ ሲመጣባት «መድኃኒቱ አቃጠለኝ» ብላ የምታቆም። ያ ወበቅ የማረጡ ሊሆን ይችላል። አታቁም፣ ትመርመር። ለወበቁ የሚዋጥ ኢስትሮጅን ከታዘዘላት ደግሞ የታይሮይድ መጠኗ ከፍ ማለት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሁለቱን የሚያዙት ሐኪሞች ይነጋገሩ።

ከጅዳ የመጣው ካርቶን

ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ልጅ የሌላት እናት ጥቂት ናት። መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ ልጆቹ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ካርቶኑን አንብቡ። አንዷ ደንበኛዬ እዚህ የምትወስደው 50 ማይክሮግራም ነበር። ልጇ ከጅዳ ስድስት ካርቶን ላከችላት። አንድ ፍሬ ስትውጥ ነበር፣ አንድ ፍሬ መዋጧን ቀጠለች። ካርቶኑ 100 ይላል። አንዳንዱ ካርቶን ደግሞ በሚሊግራም ይጻፋል፦ 0.1 ሚሊግራም ማለት 100 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለመሰለ መጠኑ ትንሽ ነው ማለት አይደለም።

ከዚያው ሻንጣ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፦ የፀጉር ቫይታሚን። ፀጉር ሲሳሳ ልጅ አዝና ትልካለች። ውስጡ ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን ከበዛ የአንዳንድ ላቦራቶሪዎችን የታይሮይድ ውጤት ያሳስታል። ቲኤስኤች ዝቅ ብሎ ይወጣና ሐኪሙ «በዛ» ብሎ መጠን ይቀንሳል። ደም ከመስጠት ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይቁም፤ ለላቦራቶሪውም ይነገር።

አብሮ መዋጥ

ካልሲየምና የደም ማነስ ክኒን ከታይሮይድ ጋር 4 ሰዓት ይራራቁ። ሁሉንም በአንድ እፍኝ ሰብስቦ ግልግል ማለት የለም። ለሆድ ድርቀቱ ተብሎ በጠዋት የሚበጠበጠው ተልባም ከክኒኑ ጎን አይሆንም፤ ከሰዓት በኋላ ይጠጣ። የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድም ይናገር።

ጨው መጨመር

እንቅርት ደጋችን ውስጥ የቆየ ነገር ስለሆነ «አዮዲን ይጎድላታል» ብሎ ጨው መነስነስ የተለመደ ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ለቤተሰቡ ሁሉ ይጠቅማል፣ ብሉት። ክኒን ለጀመረች ሴት ግን ጨው መጨመር መድኃኒት አይሆናትም፤ ለደም ግፊቷ ጠላት ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ተሻለኝ ብሎ ማቆም። የተሻለሽ ስለወሰድሽው ነው!

በሳምንቱ መመርመር። ገንዘብ ማባከን ነው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እስኪደላደል 6 ሳምንት ይፈልጋል።

ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ መድኃኒት መለመን። ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ በመጠኑ ከፍ ይላል፣ በተለይ ከ70 በኋላ። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ካለ ሰነፍ ሐኪም ነው ማለት አይደለም።

ለመቅጠን መጠን መጨመር። ተዉ።

ልብ የሚያማት እናት በ12.5 ወይም በ25 ስትጀመር «ምነው አነሰ» ብሎ እጥፍ መስጠት። ልብ እንዲለምደው ነው ቀስ የሚባለው።

አንድ ቀን ቢረሳ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቀናት ይቆያል። ለወራት ያቋረጠች እናት ግን በብርድ ወራት ገላዋ ከቀዘቀዘ፣ ንግግሯ ከተጎተተና እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት ጋቢ አልብሶ ማስተኛት አይደለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትወሰድ።

ቋጠሮው

የሻሽ ጫፍ የብር ቦታ ነው። ክኒኗ ሙቀት፣ ብርሃንና ላብ አትችልም። ከምድጃው ጎን፣ ከጀበናው መደርደሪያ ላይም አትቀመጥ። ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለውን ጥግ ፈልጉላት። ከመጣችበት ማሸጊያ ሳትወጣ ትቀመጥ፤ የምትወጣው ልትዋጥ ስትል ነው። የሐይቋ እናት አሁን በ75 ተረጋግተዋል። ካርቶኑን ከራስጌያቸው አድርገው፣ የውሃ ብርጭቆ አጠገቡ አቁመው ነው የሚተኙት። ባለፈው ሲመጡ ሌላዋን ደንበኛዬን ሲያስረዱ ሰማኋቸው፦ «ቡና ምግብ ነው እኮ፣ አታውቂም እንዴ?»