የአዝማሪን የሙዚቃ ሕይወት ከአንደበቱ መዝግቦ ለማስቀመጥ

በጎንደርና በዙሪያዋ መሰንቆ ይዘው ያረጁ፣ ግጥማቸውንም ራሳቸው የሚያወጡ አዝማሪዎች ዛሬም አሉ። የእነዚህን ሰዎች የሙዚቃ ሕይወት መዝግቦ ማስቀመጥ የሚሻ የልጅ ልጅ ወይም ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «መቼና የት ተወለዱ?» ከሚል ጥያቄ ነው። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው የቀበሌ ቅጽ እንደ መሙላት ይሆንና ባለታሪኩ አጭር አጭር መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል። አዝማሪ ያለፈውን የሚያስታውሰው ባወጣው ግጥም፣ በዘፈነበት ድግስና በሸለመው ሰው ስለሆነ መጀመሪያ ዘፈኑን፣ ቀጥሎ ሰውን፣ በመጨረሻ ዘመኑን መጠየቅ ይሻላል።

ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ሁዳዴ ነው። ከጥምቀት እስከ ቅበላ ባሉት ሳምንታት ሠርግ በሠርግ ላይ ስለሚደራረብ አዝማሪው ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው፤ ጾሙ ሲገባ ግን ሠርጉ ይቆማል፣ መሰንቆውም ይሰቀላል፣ የመጨዋወቻ ጊዜም ይገኛል። በጾም መዝፈን የማይፈልግ ከሆነ ወሬውን በሁዳዴ ጨርሶ ዘፈኑን ከፋሲካ በኋላ መቅዳት ነው። ሽማግሌውን አንቱ ማለት፣ ጋሼ ወይም አባባ ብሎ መጥራት የሚጠበቅ ነው። «አዝማሪ» መባልን የሚኮሩበት እንዳሉ ሁሉ እንደ ስድብ የሚሰሙትም ስላሉ፣ በጽሑፉ ውስጥ ምን ተብለው እንዲጠሩ እንደሚፈልጉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠያቂው ሲቀመጥ መሰንቆው በባለቤቱ እጅ ይሁን። ደጋኑን ዕጣን ሲያስነካ፣ ጭራውን ሲወጥርና ሲቃኝ ያለው ድምፅም ይቀዳ፤ አዝማሪው ብዙውን ትዝታ የሚያነሣው በዚያች ሰዓት ነው። መጀመሪያ እጁ የሚሄድበት ቅኝት የትኛው እንደሆነ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ ለኔ፣ ከማን እንደተማረውም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ በመሆኑ፣ በተለይ በአዝማሪ መንደርነቱ ከሚታወቀው ከቡርቧክስ ለመጣ ሰው፣ ይህ አንድ ጥያቄ የዘር ሐረጉን በሙሉ ይመዛል። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ምስጢራዊ ቋንቋም አላቸው፤ እርሱን ካልፈቀዱ መቅዳት አይገባም።

ዋናው ሥራ ግጥሙ ላይ ነው። አንድን ስንኝ ብቻውን መጻፍ ገላውን ትቶ ልብሱን መያዝ ስለሚሆን፣ ከሥሩ የት ቦታ፣ በማን ድግስ፣ ማን ተቀምጦ ሳለ እንደተባለ መጻፍ ግድ ነው። ለአብነት እኔው የገጠምኩትን ላስቀምጥ፦

ስቃኝ ኖሬ ኖሬ ሀገሩን በሙሉ፣
ክሩ ቢላላብኝ አያዜምም አሉ።

ሰሙ መሰንቆውን ሲቃኝ የኖረና ክሩ የላላበት ዘፋኝ ነው፤ ወርቁ ሀገሩን ዞሮ ያየ፣ ጉልበቱ ሲከዳው የተረሳ ሽማግሌ ነው። ይህ ስንኝ በሙሽራ ፊት ሲባል ቀልድ ሊሆን፣ ሳይሸልም በተቀመጠ ሀብታም ፊት ሲባል ደግሞ ክስ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደነበረ የሚያውቀው የነበረበት ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ግጥሙ የማን እንደሆነ ይለይ። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚ ስለሆነ፣ አንድ አዝማሪ የሚያዜመው ሁሉ የራሱ ፈጠራ አይደለም። ከአባቱ የወረሰውን፣ ከታዳሚ የተቀበለውንና ራሱ ያወጣውን በሦስት ምልክት ለይቶ መመዝገብ በኋላ የሚመጣን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ባልና ሚስት አብረው የሠሩ ከሆነ ሚስቲቱን ለብቻዋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርሱ ሲመታ የምታዜመው እርሷ ከሆነች ግጥሙን አሟልታ የምትይዘው እርሷ ልትሆን ትችላለችና። በተጻፉት የአዝማሪ ታሪኮች ውስጥ ሴቶቹ እምብዛም አለመታየታቸው የጠያቂዎች ስንፍና ይመስለኛል።

ዘመኑን ለማወቅ በሚታወቅ ነገር ማስጠጋት ነው። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ከመውረዳቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው? ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ሲገባ የት ነበሩ? የደርግን ዘመን በጥልቀት መጠየቅ ይጠቅማል፤ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሥራ እንዴት እንዳደረገው፣ በየአካባቢው ኪነት ሲቋቋም ወደ ፋሲለደስ የኪነት ቡድን የገቡት እንደሆነም በቅጽበት ግጥም የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የተጻፈና በሳንሱር የታየ ግጥም ሲዘፍን ምን እንደተሰማው። የውጭ ሀገር ሰነድ ካለ ዓመተ ምሕረቱ ከእኛ ጋር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚለያይ እ.ኤ.አ. ብሎ መለየት አይረሳ።

ለመቅጃ ተራ ስልክ ይበቃል። ስልኩን ከመሰንቆው ይልቅ ወደ አፉ ማስጠጋት፣ ጥሪ እንዳይገባ መስመሩን መዝጋት፣ በመግቢያው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጮክ ብሎ መናገር ነው። አዝማሪ የሚኖረው በሽልማት ስለሆነ ለሰጠው ሰዓት መክፈል ተገቢ ሲሆን፣ በነፃ እንዲያጫውት መጠበቅ ደግሞ ነውር ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከፍ ባለ ድምፅ ይነበብለት፤ ይውጣልኝ ያለው ስንኝ ይውጣ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ራሱ ያወጣውን ግጥም ማሳተም ወይም በዩቲዩብ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በድምፅ ቀድቶ መያዝ አለበት። የቅጂው የመጀመሪያ ባለቤት ቤተሰቡ ይሁን፤ ሌላውን ቅጂ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ለያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መስጠት የሚቻለው ቤተሰቡ ከተስማማ ነው።